«ፈተና ያሳድጋል» ይሉኛል፤ እኔ ግን እየደረቅሁ ነው

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከሳዑዲ ነው፤ ሰው ቤት እሠራለሁ። አገር ቤት ሳለሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበርኩ፤ ውዳሴ ማርያም ሳልደግም አልተኛም ነበር። አሁን ሥራ የሚያልቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ በስመ አብ ብዬ አቡነ ዘበሰማያትን ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ደሞዜን ከያዙብኝ ወራት አልፈዋል፤ ስጠይቅ ማዳም ትጮህብኛለች። ፓስፖርቴም እነሱ ጋር ነው። አባቴ ኩላሊቱን ታሟል፣ ታናሽ ወንድሜ ይማራል፤ ሁሉም የሚጠብቁት እኔን ነው። ጾሙንም ፈትቻለሁ፤ የምበላው የሰጡኝን ነው። አንዲት እኅት በስልክ «ይህ ሁሉ ለመንፈሳዊ እድገትሽ ነው፤ ታገሺ፣ ፈተና ያሳድጋል» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ንስሐ ያልገባሽበት ነገር ቢኖር ነው» አለችኝ። ፈተና የሚያሳድግ ከሆነ እኔ ለምን እያነስኩ መጣሁ? ድሮ ለጸሎት ስቆም እንባዬ ይቀድመኝ ነበር፤ አሁን ምንም የለም። አንዳንዴማ ተኝቼ ባልነቃ ይሻለኛል እላለሁ። ጎረቤት ቤት አዲስ የመጣች ልጅ አለች፤ ማታ ቆሻሻ ስናወጣ እንገናኛለን። ዓረብኛ ትንሽ ትንሽ አሳያታለሁ፤ ስታለቅስ ግን የምላት አጥቼ አብሬያት አለቅሳለሁ። ለእሷ የሚሆን ቃል እንኳ የለኝም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ጥያቄሽ ብዙ ነገር ይዟል፤ እኔ ግን የምጀምረው አንቺ በአንድ መስመር ብለሽ ካለፍሽው ነው። «ተኝቼ ባልነቃ ይሻለኛል» ብለሻል። ይህን ማሰብሽን እንደ ነውር ቆጥረሽ ብቻሽን አትያዢው። ነቢዩ ኤልያስም ብሎታል። በቀርሜሎስ ተራራ በጸሎቱ እሳት ከሰማይ የወረደለት ሰው ብዙም ሳይቆይ ኤልዛቤልን ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ (1ኛ ነገ. 19፥4)። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። «ያ ሁሉ እምነትህ የት ገባ?» አላለውም። አስተኛው። ከዚያ መልአክ ቀሰቀሰውና የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ወደ ኮሬብ የወጣው፣ የእግዚአብሔርንም ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ሰባክያን ኮሬብ ላይ የተሰማውን ድምፅ መስበክ እንወዳለን፤ እንጎቻውን እንዘለዋለን። ለአንቺ ግን ዛሬ የሚበጅሽ እንጎቻው ነው። ባገኘሽው ሰዓት ተኚ። ምግብ አትዝለዪ። ያ ሐሳብ ሲመጣብሽ ለምታምኛት ሰው፣ ለእናትሽም ሆነ ለንስሐ አባትሽ፣ ሳትሸፋፍኚ በስልክ ተናገሪ። ሐሳቡ ከበረታና «እንዴት አድርጌ» ወደ ማለት ከደረሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሺ፣ ብቻሽን አትሁኚ፣ ሐኪም እንዲያይሽም ጠይቂ። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማነስ አይደለም፤ ወንጌልን ከጻፉት አንዱ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

«ንስሐ ያልገባሽበት ነገር ቢኖር ነው» ላለችሽ መልሱ አጭር ነው። ንስሐ ለሁላችን ያስፈልጋል፤ ደሞዝ ለተከለከለውም፣ ይልቁንም ለከለከለው። የሰውን መከራ አይቶ ኃጢአቱን መገመትን ግን ጌታ ራሱ ከልክሎታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁት እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው (ዮሐ. 9፥3)። በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች አንሥቶም ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ሲል ጠይቋል (ሉቃ. 13፥4)። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ወዳጅነታቸው የሚመሰገነው እስከዚያ ድረስ ነው። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን ነገራቸው ሁሉ «ብትበድል ነው» በሚል ዙሪያ ሆነ። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በእነርሱ ላይ ነው (ኢዮ. 42፥7)። ያቺን እኅት አትቀየሚያት፤ ምክሯን ግን ተዪው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ፈተና ያሳድጋል ወይ? እንዲሁ በደፈናው ከሆነ፣ አያሳድግም። መከራ በራሱ ማንንም አሳድጎ አያውቅም። ጎልጎታን ተመልከቺ። ከጌታችን ቀኝና ግራ ሁለት ወንበዴዎች ተሰቅለዋል። ቀኑ አንድ፣ ፍርዱ አንድ፣ ችንካሩ አንድ፤ ለክርስቶስም ሁለቱ እኩል ቅርብ ናቸው። እንዲያውም ቅዱስ ማቴዎስ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ይሰድቡት እንደ ነበር ጽፏል (ማቴ. 27፥44)። አንዱ እንደ ተሳደበ ሞተ። ሌላው በመካከል ዝም አለ፣ አሰበ፣ ወደ ክርስቶስ ዞረና «በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ» አለ። ሥቃይ የሚያነጻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አብረው ገነት በገቡ ነበር። ፈያታዊ ዘየማን፣ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ የተለየው እዚያው ችንካሩ ላይ ሆኖ ክርስቶስን በማነጋገሩ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም የሚለው ይህንኑ ነው። «መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥትም ፈተናን፣ ፈተናም ተስፋን» የሚለውን ሁሉም በቃሉ ይዞታል፤ የዐረፍተ ነገሩን ጫፍ ግን ቆርጠን ጥለነዋል። ተስፋው የማያሳፍረው «በተሰጠን በመንፈስ ቅዱስ የእግዚአብሔር ፍቅር በልባችን ስለ ፈሰሰ» ነው (ሮሜ 5፥5)። ጳውሎስ ለዚያ ሁሉ እድገት ያመሰገነው ይህን ፍቅር ነው፤ ለመከራው ምስጋና አልሰጠም።

ደግሞም የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት አስቢው። ሥቃይ በራሱ ቅድስና ቢሆን ኖሮ በሽተኛን ከጾም አናሳርፍም ነበር፤ «አንተማ በበለጠ ትቀደሳለህ» ብለን እንጨምርበት ነበር። ፍትሐ ነገሥት ግን ለሕሙም ይራራል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብን እንኳ አንጾምም፣ ስግደትም የለም። የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ የሰውየውን ጉልበት፣ ዕድሜና ሥራ አይቶ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታዝዘው ድካም ሁሉ ልክ አለው፣ ማረፊያም አለው። ማዳም ልክ የላትም። ስለዚህ የእርሷን ቁጣ ከዐቢይ ጾም ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ «ሁለቱም ለነፍስሽ ነው» የሚልሽን ሰው አትስሚው።

ከዚሁ ጋር «እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይፈትንም» የሚሉሽም አይጠፉም። ጥቅሱ አለ (1ኛ ቆሮ. 10፥13)፤ ሰዎቹ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያነቡት። ቀሪው ግማሽ ከፈተናው ጋር መውጫውንም ያደርግላችኋል ይላል። ያን የጻፈው ጳውሎስ ራሱ ደግሞ በሁለተኛው መልእክቱ በእስያ ስለ ደረሰበት መከራ ሲናገር ከዓቅማችን በላይ ከበደን፣ ስለ ሕይወታችን እንኳ ተስፋ ቆረጥን ብሏል (2ኛ ቆሮ. 1፥8)። ሐዋርያ «ከበደኝ» ካለ፣ አንቺም «ከበደኝ» ብትዪ ከእምነት አልወጣሽም።

ስለ ደሞዝሽ ልናገር። ምናልባት ይህን ሥጋዊ ጉዳይ ነው ብለሽ ከመንፈሳዊው ለይተሽው ይሆናል። ቅዱስ ያዕቆብ ግን አይለየውም። «ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባችሁ እንደ ሙሉ ደስታ ቍጠሩት» የሚለው ቃል የእርሱ ነው፤ ይህን ጥቅስ ሳይልኩልሽ አልቀሩም። መልእክቱ አምስት ምዕራፍ ብቻ ናት፤ ጥቂት ገልጠሽ ምዕራፍ 5 ላይ ስትደርሺ ያው ሐዋርያ በባለጠጎች ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የሠራተኞች በተንኰል የቀማችሁት ደመወዝ ይጮኻል» ይላል፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጸባዖት ጆሮ ገብቷል ይላል። በፈተና ደስ ይበላችሁ ያለውና የተቀማ ደሞዝ ይጮኻል ያለው አንድ ሰው ነው። ደሞዝሽ እግዚአብሔር ጆሮ ድረስ እየጮኸ አንቺ ግን ዝም በዪ የሚለው ምክር ከየት የመጣ ነው?

አንቺ ዘማሪ ነሽና የጳውሎስንና የሲላስን ታሪክ ደጋግመሽ ሰምተሻል። በፊልጵስዩስ በበትር ተደብድበው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ በመንፈቀ ሌሊት ይዘምሩ ነበር (ሐዋ. 16)። ወኅኒው ተናወጠ፣ እስራታቸው ተፈታ። ስብከታችን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ «አሜን» ብሎ ያበቃል። ጠዋት የሆነውን አንብቢው። ገዢዎቹ በነጋታው በዝምታ ሊያሰናብቷቸው መልእክተኛ ላኩ። ጳውሎስ እንቢ አለ። የሮም ዜጎች ነን፣ ያለ ፍርድ በአደባባይ ደብድበውናል፣ አሁን በስውር ሊያስወጡን ነው? ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። መጡ፣ ለመኗቸውም። ሌሊት የዘመረውና ጠዋት መብቱን የጠየቀው ያው ጳውሎስ ነው። መዝሙሩ መብቱን አላስረሳውም፤ መብቱን መጠየቁም መዝሙሩን አላጠፋበትም።

ዮሴፍም እንዲሁ ነው። በ17 ዓመቱ ተሽጦ በሰው አገር በሰው ቤት ያገለገለ፣ በእመቤቱ ሐሰት የታሰረ ልጅ ነው። ወኅኒ ውስጥ ሆኖ ለጠጅ አሳላፊው «ለፈርዖን ንገርልኝ፤ ከዚህ ቤት አውጣኝ» ብሎታል (ዘፍ. 40፥14)። «እግዚአብሔር እያሳደገኝ ነው፣ ተዉኝ» አላለም። በኋላ ወንድሞቹን ይቅር ሲላቸው እንኳ «እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ» ብሎ ነው የጀመረው፤ እግዚአብሔር ለመልካም አሰበው ያለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ክፉውን ክፉ ብሎ ሳይጠሩ የሚደረግ ይቅርታ ዕዳን መሸፋፈን ይሆናል።

አንዳንዶች ደግሞ አጋርን ይጠቅሱልሻል፤ ከእመቤቷ ስትሸሽ መልአኩ «ተመለሽ» ብሏት የለም ወይ ይሉሻል (ዘፍ. 16)። ብሏታል፤ ነፍሰ ጡር ሆና በበረሃ ብቻዋን ነበረች፣ ከቃሉም ጋር ተስፋ ሰጣት። ነገር ግን ከአምስት ምዕራፍ በኋላ ከዚያ ቤት ወጥታ በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ስትቅበዘበዝ «ተመለሽ» የሚል ቃል አልመጣላትም፤ እግዚአብሔር ዓይኗን ከፈተላትና የውኃ ጉድጓድ አየች። ለአንዲት ሴት በአንድ ቀን የተነገረን ቃል የአሠሪ ሁሉ መብት አድርጎ መስበክ ድፍረት ነው። ሕገ ኦሪት እንኳ ከጌታው ኮብልሎ ወደ አንተ የመጣውን ባሪያ ለጌታው አሳልፈህ አትስጥ ይላል (ዘዳ. 23፥15)።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም በሕጋዊ ኤጀንሲ ሄደሽ ከሆነ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ፣ ቁጥር 923/2008፣ ለኮንትራቱ መፈጸም ኤጀንሲውን ከአሠሪው ጋር ኃላፊ እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ወንድምሽ የኮንትራቱን ቅጂ ይዞ ወደ ኤጀንሲው ይሂድ፤ ካልሰሙት ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያመልክት። አንቺም ለቅርብሽ ደውዪ፤ ሪያድ ኤምባሲያችን፣ ጅዳ ደግሞ ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን አለ። የሠራሽባቸውን ወራትና የተከፈለሽን በደብተር ጻፊ፤ የኢቃማሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) ፎቶ ለቤተሰብ ላኪ። ተስፋ ቆርጠሽ በሌሊት ብድግ ብለሽ አትጥፊ፤ ወረቀት አልባ ሆነሽ ከዚህ የባሰ ሰው እጅ ልትወድቂ ትችያለሽ። እጃቸውን ካነሡብሽ ወይም ለሕይወትሽ ካሰጋሽ ግን ነፍስሽን አድኚ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እንግዲህ «እኔ ለምን እያነስኩ መጣሁ?» ወዳልሽው ልግባ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

ድሮ ትልቅ እንደ ነበርሽ የምታውቂው በምንድን ነው? በእንባሽ፣ በረጅሙ ጸሎትሽ፣ በመዝሙሩ። እነዚህ መልካም ናቸው፤ ከሸማው ከከበሮው ጋር፣ ከጓደኞችሽ ጋር፣ የእናትሽን ቡና ጠጥተሽ፣ ሰባት ስምንት ሰዓት ተኝተሽ የነበሩ ናቸው። እንባ የሚመጣው ዕረፍት ካገኘ ሰውነትም ጭምር ነው። ሰውነትሽ ደክሞ እንባው ቢቆም እግዚአብሔር ተለየኝ ብለሽ አትደምድሚ። አባቶች የጸሎት እንባን እንደ ስጦታ ያዩታል፤ ስጦታ ደግሞ በሰጪው ፈቃድ ይመጣል፣ ይሄዳልም። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክትም ተግሣጽ ለጊዜው የሚያሳዝን እንጂ ደስ የሚያሰኝ አይመስልም፤ ፍሬውን የሚያፈራው በኋላ ነው ይላል (ዕብ. 12፥11)። በመከራ ውስጥ ያለ ሰው የራሱን እድገት ሲያይ እምብዛም አላጋጠመኝም። «በዚህ መከራ በጣም አድጌአለሁ» ብሎ በመካከሉ የሚመሰክር ሰው ሲመጣማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይልቅ ለእርሱ እሰጋለሁ።

አሁን ደብዳቤሽን ተመልሰሽ አንብቢው። አንዲት ልጅ ጎረቤት ቤት መጥታለች፤ ማታ ቆሻሻ ስታወጡ ትገናኛላችሁ፤ ቋንቋ ታሳያታለሽ፤ ስታለቅስ አብረሻት ታለቅሻለሽ። ይህን የጻፍሽው እንደ ድክመትሽ ማስረጃ ነው። እንባ የለኝም ብለሽ ጽፈሽ፣ ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ አለቅሳለሁ ብለሻል። እንባሽ አልደረቀም እኮ፤ አሁን ለሰው ሆኗል። ከዓመታት በፊት፣ ምስባኩና መዝሙሩ በአፍሽ ሳለ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጉልበትሽ አልቆ የማታውቂያትን ልጅ ለማስተማር ትቆሚ ነበር? ትቆሚ ይሆናል፤ ግን ምን እንደሚሰማት አታውቂም ነበር። ጳውሎስ እግዚአብሔር በመከራችን የሚያጽናናን በመከራ ያሉትን ማጽናናት እንድንችል ነው ይላል (2ኛ ቆሮ. 1፥4)። ቃል አጣሁ አትበይ። የኢዮብ ወዳጆች ቃል አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው አብሮ በማልቀሱ መጽናት ነው። ይልቅ ከምታስተምሪያት ዓረብኛ «ደሞዜ መቼ ነው የሚከፈለኝ?» የሚለውን አስቀድሚላት፤ የኤምባሲውንም ስልክ ስጫት።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳታጣሚብኝ። እግዚአብሔር ለዚያች ልጅ ብሎ ደሞዝሽን አስከለከለ እያልኩሽ አይደለም። ደሞዝሽን የከለከለው ሰው ነው፣ ይጠየቅበታልም። እግዚአብሔር ደግሞ የሰው ክፋት ጥሎ በሄደው ቦታ ላይ እንኳ ሥራውን አያቆምም።

የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገድል ብታገኚ አንብቢ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረች፣ ባለቤቷ ከንጉሡ ሹማምንት አንዱ የሆነ፣ የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው የሞቱባት ሴት ናት። ንጉሡ ሃይማኖት ሲለውጥ አልቀበልም ብላ ወጣች፣ መነኮሰች፤ በመጨረሻም ወደ ዠበይ፣ ሩቅ ቆላ አገር፣ ተግዛ ተላከች። ብቻዋን እንድትሆንና እንድትረሳ ነበር የታሰበው። ሰዎች ግን ፈልገዋት ወደ ግዞቷ መጡ፤ በኋላ ወደ ጣና የተስፋፋው የማኅበሯ መጀመሪያ ያ የስደት ቦታ ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ የተዋሕዶን እምነት የመለሱት በ1624 ዓ.ም. ነው፤ እርሷ ግን ያን ቀን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። ማኅበሩ የተጀመረው ገና ግዞት ሳለች ነው። አንቺም ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ከዚያች ልጅ ጋር የምትቆሚያትን ጥቂት ደቂቃ ቀላል አድርገሽ አትያት። ሁለት ወይም ሦስት በስሜ በሚሰበሰቡበት ያለው ጌታ ሕንፃ ይኑር አላለም፤ አንቺ ያለሽበት አገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የለም።

መከራ ሊያበላሽም እንደሚችል ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። የማየው አደጋ ሁለት ነው። አንደኛው ምሬት ነው፤ ማዳምን ከመጥላት ተነሥቶ ሰውን ሁሉ፣ በኋላም አገር ቤት ብር የሚጠብቁትን ዘመዶችሽን እስከ መጥላት ይደርሳል። ለቤተሰብሽ ደሞዝ እንዳልተከፈለሽ ነግረሻቸዋል? ብዙዎቻችሁ ትደብቃላችሁ፤ እነርሱ ዝምታሽን እንደ ጭካኔ ይቆጥሩታል፣ አንቺም ጥያቄያቸውን እንደ ጭካኔ ትቆጥሪዋለሽ። ንገሪያቸው። ሁለተኛው አደጋ በእግዚአብሔር ማዘንሽን ከእርሱ መደበቅ ነው። የተቆጣ ልጅ አባቱን ሲያኮርፍ ቤት ውስጥ ያለ ነው፤ ጨርሶ ካልተናገረው ግን ቤቱን ትቷል። ዳዊት ደጋሚ ነሽና መዝሙር 12ን ታውቂዋለሽ፤ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ይላል። መዝሙር 87 ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙሮች ወደ መጨረሻው ወደ ምስጋና ሲመለሱ እርሱ እንዳዘነ ገብቶ እንዳዘነ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ያን መዝሙር አልቆረጠችውም፤ ከ150ው ጋር ይደገማል። ምስጋና ሲጠፋብሽ በእርሱ ጸልዪ። ኢዮብ «ዓይኔ አየችህ» ለማለት የበቃው ብዙ ምዕራፍ ከተከራከረ በኋላ ነው።

ስለ ጸሎትሽ፦ ውዳሴ ማርያምን ሙሉውን ለመድገም እየታገልሽ በየሌሊቱ በመተኛትሽ ራስሽን አትክሰሺ። በዓርብ ስቅለት አብረሽን «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» (አቤቱ በመንግሥትህ አስበን) ስትዪ አድገሻል፤ የፈያታዊ ዘየማን ጸሎት ነው፣ አጭር ነው። ዕቃ ስታጥቢ በይው፤ ወለል ስትወለውዪ፣ ልብስ ስትተኩሺ በይው። ድምፅ ማውጣት ካልተመቸሽ በልብሽ። ከመተኛትሽ በፊት ደግሞ አቡነ ዘበሰማያትን ተቀምጠሽ ሳይሆን ከሥራው መጨረሻ አስቀድመሽ፣ ኩሽናውን ስትዘጊ፣ ቆመሽ ድገሚው። የቀኑ ውዳሴ ማርያም በስልክሽ ካለ አንዱን ክፍል ብቻ አድምጪ፤ የቀረውን ቤተ ክርስቲያን ትሞላልሻለች፣ በየገዳሙ በየደብሩ ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ አሉና።

ስለ ጾሙ፦ የምትበዪውን የምትመርጪው አንቺ ካልሆንሽ፣ የተሰጠሽን በልተሽ «ጾም ፈታሁ» ብለሽ ራስሽን ከምእመናን አታውጪ። ይህን ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ንገሪ፤ ለአንቺ ሁኔታ የሚሆነውን ልክ የሚሰጡሽ እርሳቸው ናቸው፣ እኔም ሌላውም አይደለንም። በእጅሽ ያለ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ረቡዕና ዓርብ ሥጋውን ለይተሽ መተው ከቻልሽ፣ ወይም ቁርሱን ጥቂት ማዘግየት የሚያደክምሽ ካልሆነ፣ ይህን ለእርሳቸው አቅርቢ። በባዶ ሆድ በዚያ ሙቀት ደረጃ እየወጣሽ መስኮት እንድትወለውዪ ግን ማንም አያዝሽም። ምክርና ጸሎት በስልክ ይሆናል፤ ሥርዓተ ንስሐውን አገርሽ ስትገቢ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ባለበት አገር ካህን ስታገኚ ትፈጽሚዋለሽ። ቁርባን ከራቅሽ ዓመታት መሆናቸው እንደሚያምሽ ገምቻለሁ፤ ናፍቆቱን ይዘሽ ቆይ፣ አታጥፊው።

የንስሐ አባትሽ ስልክ ከጠፋሽ ያደግሽበትን ደብር ስም ጻፊልኝና አፈላልጌ አገናኝሻለሁ። የክርስትና ስምሽንና የአባትሽን ስም ላኪልኝ፤ በቅዳሴ እንዲነሣ ለካህናቱ አደርሳለሁ። የኮንትራትሽን ፎቶ ደግሞ ለወንድምሽ ዛሬ ማታውኑ ላኪለት።